ረጅም የማማ ዥዋዥዌ እንዴት ተተክሎ ለሕዝብ ይከፈታል

ረጅም የማማ ዥዋዥዌ ለመትከል የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቁመቱን ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን መውረጃው ነው፤ 24 ሰዎች 100 ሜትር ላይ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ መብራት ቢጠፋ ወይም መቆጣጠሪያው ራሱን ቢቆልፍ፣ እነዚህ ሰዎች በየት በኩል፣ በስንት ደቂቃና በማን እጅ ወደ መሬት ይመለሳሉ? ይህ ጥያቄ ውል ከመፈረሙ በፊት መልስ ካገኘ ቀሪው ሥራ ከባድ ቢሆንም መንገዱ የታወቀ ነው። መልሱ ለመክፈቻው ዋዜማ ከተተወ ግን የማማውን ዲዛይን እስከማስለወጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከመሬት ጥናቱ እስከ መክፈቻው ድረስ በየደረጃው የሚነሣው ጉዳይ ስለ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን ስለ መውረዱም ነው።

የማማ ዥዋዥዌ ከቀድሞው የሰንሰለት ዥዋዥዌ የሚለየው የድሮው ባለበት ከፍታ ሲሽከረከር ይህኛው የሚሽከረከረውን ቀለበት ከነተሳፋሪዎቹ ማማው ላይ ይዞ በመውጣቱ ነው። በኮፐንሃገን ቲቮሊ የመዝናኛ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው 80 ሜትር ነበር። በቪየና ፕራተር በ2010 የቆመው 117 ሜትር ደረሰ፤ በ2013 በቴክሳስ አርሊንግተን 122 ሜትር ያህል፣ በ2018 በኦርላንዶ 137 ሜትር ያህል የሆኑት ተከተሉ፣ በ2021 ደግሞ በዱባይ 140 ሜትር የሆነው ተከፈተ። በእነዚህ ዓመታት ቁመቱ ወደ እጥፍ ቢጠጋም የአሠራሩ መሠረታዊ ሐሳብ ግን አልተለወጠም፤ አንድ ማማ፣ ማማውን ታቅፎ እንደ አሳንሰር የሚወጣና የሚወርድ ክፈፍ፣ ክፈፉ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት፣ ከቀለበቱም ላይ የተንጠለጠሉ ወንበሮች ናቸው።

ከግዢ በፊት መታወቅ ያለበት ስሌት

ባለቤቱ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን ሻጩ የሚያቀርብለትን ቁጥር የሚመዝንበት ጥቂት እውቀት ያስፈልገዋል። ቀለበቱ ሲሽከረከር ወንበሮቹ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ የሚዘረጉበት ማዕዘን የሚወሰነው በሽክርክሪቱ ፍጥነት፣ በሰንሰለቱ ርዝመትና ሰንሰለቱ የተንጠለጠለበት ነጥብ ከማማው መሐል ባለው ርቀት ነው። የተሳፋሪው ክብደት ከስሌቱ ውስጥ ተሰርዞ ይወጣል፤ ስለሆነም 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅና 100 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በአንድ ዙር ቢሳፈሩ በአንድ ማዕዘን ይንሳፈፋሉ። ይህን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ሁሉ አያምንም፤ አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ዥዋዥዌ ሥር ቆሞ ሽቅብ ማየት ግን በቂ ማስረጃ ነው። ጥቂት ወደኋላ ቀርቶ የሚታየው ባዶው ወንበር ነው፤ እሱም ክብደቱ ከሚገጥመው አየር ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ስለሆነ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰንሰለቱ የታሰረበት ነጥብ ከማማው መሐል 5 ሜትር ቢርቅ፣ የሰንሰለቱ ርዝመት 8 ሜትር ቢሆንና ወንበሩ 45 ዲግሪ ቢዘረጋ፣ ተሳፋሪው ከመሐሉ 10.7 ሜትር ያህል ርቆ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ አንዱንም ዙር በስድስት ሰከንድ ተኩል ይጨርሳል። በዚህ ማዕዘን ሰንሰለቱ የሚሸከመው የተሳፋሪውን ክብደት 1.4 ጊዜ ያህል ነው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለሰንሰለቱ 113 ኪሎ ይሆንበታል ማለት ነው፣ የወንበሩ ክብደት ሳይጨመር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቁመቱ ስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ሰንሰለቱ 20 ሜትር ላይም ሆነ 120 ሜትር ላይ የሚሸከመው ያንኑ ነው። ቁመት የሚያመጣው ጣጣ በሌላ በኩል ነው፤ ነፋስን ያበረታል፣ ማማውን ያወዛውዛል፣ መውረጃውን ያርቃል፣ ከላይ የሚወድቀውንም ዕቃ አደገኛ ያደርገዋል።

የሚወድቀው ዕቃ ነገር ችላ ሲባል ስለሚታይ በዚሁ ምሳሌ እንመልከተው። ከ100 ሜትር ከፍታ ከኪስ ያመለጠ ስልክ መሬት ለመድረስ አራት ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወንበሩ ይሄድበት የነበረውን ፍጥነት ይዞ ወደ ጎን ይነጉዳል። በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዝ ከነበረ፣ የአየሩን ግጭት ትተን ስናሰላ፣ ከተለቀቀበት ነጥብ 45 ሜትር ያህል ርቆ ያርፋል። ስለዚህ ከዥዋዥዌው ክብ በታች ያለውን መሬት ብቻ አጥሮ «ከሥሩ ሰው የለም» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ስልኩ የሚያርፈው ምናልባት በጎረቤት የአይስክሬም መሸጫ ሰልፍ ላይ ነው። አጥሩን እስከዚያ ድረስ ማስፋት ሁልጊዜ አይቻልም፣ በመሆኑም ሁነኛው መፍትሔ ዕቃው ወደ ላይ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ከመሳፈሪያው በር ላይ የሚቆለፍ የዕቃ ማስቀመጫ ይኑር፤ ኪስን ባዶ ማድረግ በማሳሰቢያ ሰሌዳ ብቻ የሚተው ሳይሆን ሠራተኛው በአፉ ጠይቆ የሚያረጋግጠው ይሁን፤ ነጠላ ጫማም ሥር ይቅር።

ከአምራቹ ጋር በሚደረገው ውል ላይ ዋጋውንና የማስረከቢያ ቀኑን ማንም አይረሳም። የሚረሳው ወረቀቱ ነው። ማሽኑ የተሠራበት ደረጃ ተለይቶ ይጻፍ፤ በአውሮፓ የሚሠራበት ኢኤን 13814፣ ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 17842፣ በአሜሪካ ደግሞ ዲዛይንን የሚመለከተው ኤኤስቲኤም ኤፍ 2291 እና የባለቤቱን የአሠራር፣ የጥገናና የፍተሻ ግዴታ የሚደነግገው ኤፍ 770 በዋናነት የሚጠቀሱት ናቸው። የስሌት ሰነዱ፣ የብየዳ ፍተሻ ውጤቱ፣ የብረቱ የጥራት ምስክር ወረቀት፣ የአሠራርና የጥገና መመሪያው፣ የመለዋወጫ ዝርዝሩ ሁሉም ከማሽኑ ጋር አብረው እንዲመጡ፣ መመሪያውም ሠራተኞቹ በሚያነቡት ቋንቋ እንዲዘጋጅ ውሉ ላይ መስፈር አለበት። ወረቀቱ ሳይሟላ የመጨረሻው ክፍያ ባይፈጸም ይመረጣል፤ ከክፍያ በኋላ የሚመጣ ሰነድ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ቦታውና መሠረቱ

ቦታ ሲመረጥ አብዛኛው ሰው የሚያየው ማማው ከሩቅ የሚታይ መሆኑን ነው። ይልቅስ መታየት ያለበት ክሬኑ የሚቆምበት ሰፊና ጠንካራ መሬት መኖሩ፣ የእሳት አደጋ መኪና እስከ ማማው ሥር መድረስ መቻሉ፣ በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ መስመርም ሆነ ረጅም ዛፍ አለመኖሩ፣ ወንበሮቹ ሲዘረጉ የሚጠርጉት ክብ ደግሞ ከተሳፋሪዎቹ የተዘረጋ እግርና እጅ ጋር ተሰልቶ ከማንኛውም ነገር በቂ ርቀት መያዙ ነው። የበረራ ጉዳይም አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ61 ሜትር የሚያልፍ ግንባታ ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ 45 ቀን በፊት ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መታወቅ አለበት። በየትም አገር ቢሆን የሲቪል አቪዬሽኑን መሥሪያ ቤት ሳይጠይቁ መሠረት መቆፈር አይገባም፤ ማማው አናቱ ላይ የሚያስፈልገው ቀይ መብራትም በዚያው የሚወሰን ነው።

ቀጥሎ የአፈር ምርመራ ይደረጋል። ማማው ወደ ታች የሚጫነው ክብደት በራሱ ብዙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ነፋሱ ማማውን ለመገልበጥ የሚታገልበት ኃይል ነው። ነፋስ ማማውን በ10 ቶን ኃይል ቢገፋውና የግፊቱ መሐል 50 ሜትር ላይ ቢሆን፣ መሠረቱ የ500 ቶን ሜትር መገልበጫ ጉልበት መቋቋም ይኖርበታል። በዚህ ላይ የቀለበቱ ሽክርክሪትና በአንድ ወገን ያጋደለ የተሳፋሪ ጭነት ይጨመራል። አፈሩ በአንድ ጎን በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቢሰምጥ ስሕተቱ አናት ላይ ተባዝቶ ይታያል፤ ለምሳሌ 10 ሜትር ስፋት ያለው መሠረት በአንድ ጠርዙ 5 ሚሊሜትር ቢሰምጥ 100 ሜትር ላይ ያለው የማማው ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ይጋደላል። በመሆኑም በአንድ ጉድጓድ ብቻ የተደረገ ምርመራ አይበቃም፤ በመሠረቱ አራት ማዕዘኖችና በመሐሉ ተቆፍሮ የአፈሩ ዓይነትና የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ይታወቅ፣ አፈሩ ደካማ ከሆነም መሠረቱ ወደ ጥልቅ ምሰሶ ይለወጥ።

የመሠረቱ ሥራ ራሱ የተለመደ የአርማታ ሥራ ይመስላል፤ ፌሮው ይታሰራል፣ ኮንክሪቱ ይሞላል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማማው የሚያርፍባቸው ረጃጅም ብሎኖች አቀማመጥ ነው። እነዚህ ብሎኖች ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት በብረት ልኬት ሰሌዳ ተይዘው፣ በቅየሳ መሣሪያ ተለክተው፣ ኮንክሪቱ ሲፈስና ሲነዘር እንዳይንቀሳቀሱ ከፌሮው ጋር መታሰር አለባቸው። አንዱ ብሎን ሁለት ሴንቲሜትር ቢዛነፍ የማማው የመጀመሪያ ክፍል አይገባለትም፤ ያን ጊዜ የብረቱን ቀዳዳ በእሳት ማስፋት የሚል ሐሳብ ከአንዱ ሠራተኛ አፍ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህ ሐሳብ አምራቹ በጽሑፍ እስካልፈቀደ ድረስ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም። ኮንክሪቱ ሲሞላ የናሙና ኩቦች ይወሰዱ፤ ጥንካሬያቸው እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ተለክቶ ይመዝገብ። የመብረቅ መከላከያው የመሬት ሽቦም ከመሠረቱ ጋር አብሮ መቀበር ያለበት ሲሆን፣ ኋላ ላይ ሲታሰብ ወለሉን ማስቆፈሩ አይቀርም።

ማማውን ማቆም

ማማው በዚንክ የተነከሩ ተገጣጣሚ የብረት ክፍሎች ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያው ክፍል ከተቀመጠ በኋላ በቂ ጊዜ ተወስዶ ቀጥተኛነቱ መለካት አለበት፤ ሥር ላይ ያልተስተካከለ ላይ አይስተካከልም። ልኬቱ በማለዳ፣ ፀሐይ ብረቱን ሳታሞቀው ቢደረግ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያረፈችበት የማማው ጎን ከጥላው ጎን ይበልጥ ስለሚለጠጥ ማማው ወደ ጥላው በኩል በጥቂቱ ይጎብጣል፤ በዚያ ሰዓት «ተዛንፏል» ብሎ ያስተካከለ ሰው ማለዳ ላይ እውነተኛ መዛነፍ ያገኛል።

እያንዳንዱ ክፍል ከበታቹ ካለው ጋር የሚጣበቀው በከፍተኛ ጥንካሬ ብሎኖች ነው፤ ሥራውም እንዲህ ይሄዳል። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው ከአንድ የአምራች ጥቅል መሆናቸው ይረጋገጣል። ሁሉም ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፣ ከዚያም በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ በግማሽ ጥብቀት ይያዛሉ፣ በመጨረሻም ጥብቀቱን በሚለካ መፍቻ እስከ ተወሰነው ልክ ይጠበቃሉ። ብሎኑን የሚያጠብቀው አንድ ሰው፣ ተቆጣጣሪው ሌላ ሰው ይሁን። ተቆጣጣሪው ካረጋገጠ በኋላ በዘይት ቀለም ከብሎኑ ጫፍ ተነሥቶ በዳዶው ላይ አልፎ እስከ ብረቱ ገጽ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሠምርበታል። ይህ የጣት ወርድ የማይሞላ የቀለም መስመር ለዓመታት የሚያገለግል ምስክር ነው፤ ዳዶው በጥቂቱም ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ፈታሹም ያለ መሣሪያ በዓይኑ ብቻ ያየዋል። ቀለሙ እየደበዘዘ ሲሄድ ዝም ብሎ ማደስ ግን አይገባም፤ ጥብቀቱ ተለክቶ እንጂ በተንቀሳቀሰ ዳዶ ላይ አዲስ መስመር ማሥመር ምስክሩን ማስዋሸት ነው።

በክሬን ሥራ ወቅት የነፋሱን ገደብ የሚወስነው የክሬኑ ሰንጠረዥና የሚነሣው ክፍል ስፋት እንጂ የጊዜ ሰሌዳው አይደለም። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በተጨማሪም ገላጣ መሬት ላይ 100 ሜትር ላይ ያለው ነፋስ 10 ሜትር ላይ ካለው በሲሶ ያህል ሊበልጥ ስለሚችል መሬት ላይ ቆሞ «ዛሬስ ጸጥ ብሏል» ማለት መረጃ አይሆንም፤ መለኪያው ክሬኑ ጫፍ ላይ መኖር አለበት።

ማማው ከቆመ በኋላ ክፈፉ፣ የሚሽከረከረው ቀለበት ከነትልቁ ኩሽኔታ፣ የመጎተቻ የብረት ገመዶቹ፣ የሚዛን ክብደቱና ሞተሮቹ ይገጠማሉ። በዚህ ደረጃ ላይ ባለቤቱ ለአምራቹ መሐንዲስ ማቅረብ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ፍሬኑ የሚይዘው በምንድን ነው? ትክክለኛው መልስ «በሞላ» የሚል ነው። ሞላው ሁልጊዜ ፍሬኑን እየገፋ ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩ ወይም የሃይድሮሊክ ግፊቱ የሚሠራው ፍሬኑን ለመክፈት ብቻ ነው። በዚህ አሠራር ኃይል ሲጠፋ ክፈፉ ባለበት ይቆማል እንጂ አይወድቅም። አንድ ገመድ ቢበጠስ ደግሞ ቀሪዎቹ ሙሉውን ጭነት መሸከም አለባቸው።

ወንበር፣ ሰንሰለት፣ ማቀፊያ

እያንዳንዱ ወንበር ከአንድ በላይ በሆነ ሰንሰለት ወይም የብረት ገመድ መንጠልጠል፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ወንበሩን መያዝ ይኖርበታል። የሰንሰለት እርጅና የሚታየው በጎኑ ሳይሆን ሁለት ቀለበቶች እርስ በርስ በሚነካኩበት ውስጣዊ ጥግ ነው፤ ስለዚህ ፈታሹ ሰንሰለቱን ላላ አድርጎ ቀለበቶቹን ገልበጥ ማድረግና የቀረውን ውፍረት በመለኪያ ማንበብ አለበት። ግራሶ የተቀባ ሰንሰለት ከሩቅ ሲታይ ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል።

የጭን ማቀፊያ ብረቱ መቆለፉን የሚያረጋግጥ ሴንሰር፣ ከሴንሰሩ በተጨማሪ ተለይቶ የሚታሰር ቀበቶ፣ ከሁለቱም በተጨማሪ የሠራተኛው እጅ ያስፈልጋሉ። ሠራተኛው እያንዳንዱን ማቀፊያ ወደ ላይ ስቦ፣ ቀበቶውንም ጎትቶ ማየት አለበት። ሴንሰር የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 በኦርላንዶ ሥራ ላይ ከነበረ የመውደቂያ ማማ (ተሳፋሪዎችን ከላይ በድንገት ወደ ታች የሚለቅ መጫወቻ) አንድ የ14 ዓመት ልጅ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል፤ በግዛቱ መንግሥት የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው የወንበሩ ሴንሰር በሰው እጅ ተስተካክሎ ስለነበር ማቀፊያው ከልክ በላይ ተከፍቶ እያለ ማሽኑ እንደተቆለፈ አድርጎ ተቀብሎታል። መሣሪያው ዥዋዥዌ ባይሆንም ትምህርቱ ለዥዋዥዌም ይሠራል፤ ማቀፊያውና ሴንሰሩ ከአምራቹ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ በማንም አይነካም፣ ለትልቅ ሰውነት ይመቻል ተብሎም አይላላም። የቁመትና የክብደት ገደቡ አምራቹ የጻፈው ነው፤ በር ላይ ያለው ሠራተኛ ሊያሻሽለው ሥልጣን የለውም፣ አለቃውም እንዲሁ።

ሙከራ

ሙከራ የሚጀመረው በባዶ ማሽን ነው፤ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች፣ ያለ ሽክርክሪት። ከዚያ ሽክርክሪቱ ይጨመራል። ቀጥሎ ወንበሮቹ ላይ ውሃ የተሞሉ የሰው ቅርጾች ወይም የተመዘኑ የአሸዋ ከረጢቶች ታስረው ሙሉ ጭነት፣ በመቀጠልም ጭነቱ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ይሞከራል። ይህ የመጨረሻው ሙከራ ብዙ ያስተምራል፤ ለመሆኑ በተግባር ስንት ሰው በአንድ ወገን ሊሰበሰብ ይችላል ተብሎ ከተጠየቀ መልሱ በመሳፈሪያ ሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ጓደኛሞች ጎን ለጎን መቀመጥ ይወዳሉ፣ ወረፋው በሚሳሳበት ሰዓት ደግሞ ሁሉም አንድ ጎን ላይ ይከማቻል። አምራቹ የፈቀደው የሚዛን ልዩነት በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በሥዕል ተለጥፎ መታየት አለበት።

ከዚያ ሆን ተብሎ ማበላሸት ይከተላል። ክፈፉ አናት ላይ ሳለ ዋናው ኤሌክትሪክ ይቋረጥ፤ ተጠባባቂው ጄኔሬተር በስንት ሰከንድ ተነሣ? እሱም ይጥፋ፤ ፍሬኑን በእጅ እየከፈቱ በዝግታ ማውረድ ስንት ደቂቃ ወሰደ? የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ከእያንዳንዱ ቁልፍ ይሞከር። አንዱ ሴንሰር ይነቀል፤ ማሽኑ እንቢ አለ ወይስ ሄደ? እያንዳንዱ ውጤት በደቂቃና በሰከንድ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ 90 ሜትር ገደማ ቁመት ባለው ዊንድሲከር የተባለ የማማ ዥዋዥዌ ላይ ተሳፋሪዎች ከሦስት ሰዓት በላይ አየር ላይ ተንጠልጥለው ቆይተዋል፤ ማሽኑ ራሱን በመጠበቅ ቆመ እንጂ የወደቀ ሰው አልነበረም። በኋላ ከዚያ ቦታ ተነቅሎ በሌላ ግዛት ባለ መናፈሻ ተተክሎ በ2014 ተከፍቷል። በዚያ ከፍታ ለሦስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ይጠማዋል፣ ይበርደዋል፣ እግሩ ይደነዝዛል። ስለዚህ የደኅንነት ሥርዓቱ «መቆም» ላይ ካበቃ ሥራው ገና ተጋምሷል።

ማውረጃው ሁሉ ቢከሽፍ የመጨረሻው መንገድ በገመድ የሚወጣ የነፍስ አድን ቡድን ነው። ይህ ቡድን ከመክፈቻው በፊት ማማው ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ልምምድ፣ አንዱንም በምሽት ማድረግ አለበት። የእሳት አደጋ መኪናዎች መሰላል በብዛት 30 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፤ «እሳት አደጋ እንጠራለን» የሚለው ዕቅድ ለማማ ዥዋዥዌ ዕቅድ አይባልም።

ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ከባለቤቱም ከአምራቹም ነፃ የሆነ የምርመራ ድርጅት ሰነዱንም ማሽኑንም ይመረምራል፤ ዋና ዋና ብየዳዎች በማግኔት ወይም በአልትራሳውንድ ዘዴ እንደገና ይታያሉ፣ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካልም የበኩሉን ያደርጋል።

ሠራተኞቹና የመክፈቻው ሰሞን

የመቆጣጠሪያው ሠራተኛ በቀን መቶ ጊዜ ተመሳሳይ ቁልፍ ይጫናል፤ የሚያደክመውም መደጋገሙ ነው። ሥልጠናው ቁልፎቹን ከማወቅ ይልቅ የማቆም ድፍረት ላይ ቢያተኩር ይሻላል። በማንኛውም ጥርጣሬ ያቆመ ሠራተኛ፣ ጥርጣሬው ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ አይወቀስም ተብሎ በጽሑፍ ይደንገግ። ወንበሮቹን የሚፈትሸውና ማሽኑን የሚያስነሣው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው፣ ፈታሹ ከአጥሩ ወጥቶ በእጁ ምልክት እስኪሰጥ ድረስ አስነሺው ጣቱን ከቁልፉ ያርቅ።

ስለ ነፋስ የሚሰጠው ውሳኔ ለሠራተኛው ግምት የሚተው መሆን የለበትም። ማማው አናት ላይ ያለው መለኪያ የአምራቹን ገደብ ሲያነብ ማሽኑ ይወርዳል፤ በብዙዎቹ ገደቡ በሰከንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን የሚሠራው ግን መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ነው። መብረቅ ደግሞ ሰማዩ እስኪያጉረመርም አይጠበቅም፤ ለዚያ አካባቢ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አገልግሎት አስቀድሞ ይያዝ።

መክፈቻውን በሰፊው ካወጁ በኋላ ፈቃድ የሚጠብቁ ባለቤቶች አሉ፤ ይህ መርማሪውንም ሠራተኛውንም በቀን ገመድ ማነቅ ነው። የሚሻለው ፈቃዱ እጅ ከገባ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያለ ማስታወቂያ፣ ግማሹን ወንበር ብቻ በመሙላት መሥራት ነው። በእነዚህ ቀናት የሚታየው ብዙውን ጊዜ የማሽኑ ሳይሆን የሰው አሠራር ጉድለት ነው፤ የዕቃ ማስቀመጫው ከበሩ ርቋል፣ ቀበቶውን ለመፍታት ተሳፋሪው ይቸገራል፣ መውጫውና መግቢያው ይጋጫሉ። 24 ወንበር ያለው ማሽን አንዱን ዙር ከነመሳፈሪያው በአምስት ደቂቃ ቢጨርስ በሰዓት ከ288 ሰው በላይ አያስተናግድም። ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ከፍተሻው ላይ የሚቀነስ ሰከንድ ግን መኖር የለበትም፤ ወረፋው ከረዘመ ወረፋው ይርዘም።

በየማለዳው ከመክፈቻ በፊት ማማው ላይ ይወጣል፣ ብሎኖቹ፣ ገመዶቹ፣ ሰንሰለቶቹ ይታያሉ፣ ከዚያም ማሽኑ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር በባዶው ይሄዳል። ይህን የሚሠራው ሰው ራሱ ተሳፋሪ ያህል ጥበቃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በኦርላንዶው ዥዋዥዌ ላይ የዕለቱን ፍተሻ ያደርግ የነበረ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከማማው ወድቆ ሞቷል። ወደ ማማው የሚወጣ ሁሉ ሙሉ የሰውነት ቀበቶ አጥልቆ፣ ከመሬት ጀምሮ ሁልጊዜ ቢያንስ በአንድ መንጠቆ የታሰረ፣ ከታችም የሚከታተለው ጓደኛ ያለው መሆን አለበት፤ እሱ ማማው ላይ እያለም የማሽኑ ዋና ማብሪያ በራሱ ቁልፍ ተቆልፎ ቁልፉ በኪሱ ይኑር።

አዲስ ማማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ይቀመጣል»፤ ገመዱ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ የተጠበቁት ብሎኖችም ጭነቱን ሲለማመዱ የተወሰነ ውጥረት ያጣሉ። ስለዚህ አምራቹ በወሰነው ጊዜ ማሽኑ ለአንድ ሙሉ ቀን ተዘግቶ የገመዱ ርዝመት ይስተካከላል፣ ብሎኖቹም በመለኪያ መፍቻ አንድ በአንድ እንደገና ይፈተሻሉ። ያን ቀን መክፈቻው ላይ ከወጣው የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ወረፋው በደመቀበት ሰሞን ማሽን መዝጋት የሚወድ ሥራ አስኪያጅ የለም። የተላላ ብሎን ከተገኘ ቁጥሩ፣ የተገኘበት ክፍልና የተስተካከለበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይሠፍራል፣ አሮጌው የቀለም መስመር በቤንዚን ይጠረጋል፣ አዲሱም በሌላ ቀለም ይሠመራል፤ የሚቀጥለው ፈታሽ ሁለቱን ቀለሞች ሲያይ የትኛው ብሎን አንድ ጊዜ ተንቀሳቅሶ እንደነበር ሳይጠይቅ ያውቃል።